ቴስታው ሜዳ ላይ፣ ፍርዱ ችሎት ላይ

አማርኛ ለስታዲየሙም ለችሎቱም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ዳኛ። ሜዳ የሚለውም እንደዚያው። የጎንደር ሰው «ፎገራ ሜዳ» ሲል ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁትን፣ ሩዝ የሚበቅልበትን ለጥ ያለ መሬት ማለቱ ነው፤ የኳስ አፍቃሪው ሜዳ ግን ሌላ ነው።

እንበልና ወረታ ላይ ሁለት የሰፈር ቡድኖች ሲጫወቱ አንዱ ተከላካይ በቴስታ የአጥቂውን ዓይን አጠፋ። የሜዳው ዳኛ ቀይ ካርድ ይመዛል። ጉዳዩ ግን እዚያ አያበቃም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ሆን ብሎ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊደርስበት እንደሚችል ይናገራል። ማልያ ለብሶ ነበር ተብሎ የሚቀር ነገር የለም። አገራችን ውስጥ ጁሪ ስለሌለ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውንም የሚወስነው ዳኛ ነው።

ሜዳ ላይ ቡጢ በእኛ ሊግ እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ የመሐል ዳኛው እያሱ ፈንቴ ባጸደቁት ጎል ሰበብ ተደብድበው ሊጉ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ደጋፊው ጆሮውን የሚያቆመው ወደ ፌዴሬሽኑ ነው፤ ስንት ጨዋታ ታገደ? ስንት ብር ተቀጣ? ፍርድ ቤትን የሚያስብ እምብዛም ነው።

ግዙፉ አጥቂ ዳንካን ፈርጉሰንም ያሰበው አይመስልም። እ.ኤ.አ አፕሪል 16 ቀን 1994 ኢብሮክስ ላይ ሬንጀርስ ከሬይዝ ሮቨርስ ሲጫወት ተከላካዩን ጆን ማክስቴይን በቴስታ መታው። ዳኛው ካርድ ሳይመዝ ጨዋታው ቀጠለ፤ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ የብሪታንያን የዝውውር ሪከርድ ሰብሮ የመጣው ፈርጉሰን እንዲያውም በዚያው ጨዋታ ለሬንጀርስ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። የስኮትላንድ ፌዴሬሽን በኋላ 12 ጨዋታ አገደው። ዐቃቤ ሕግ ግን በዚህ አልረካም።

ጉዳዩ የታየው ግላስጎው ውስጥ፣ ያለ ጁሪ፣ በአንድ ሸሪፍ ፊት ነው። ሸሪፍ ሲባል የካውቦይ ፊልሙ እንዳይመስላችሁ፤ በስኮትላንድ ዳኛ ማለት ነው። ስኮትላንድ 15 ሰዎች የሚቀመጡበት ጁሪ ቢኖራትም ቀለል ያሉ ክሶችን ሸሪፉ ብቻውን ይዳኛል። ፈርጉሰን ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ። ሸሪፍ አሌክሳንደር ኤክልስ አልተቀበሉትም። ሜይ 1995 ላይ፣ አዲሱ ክለቡ ኤቨርተን ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ረትቶ ኤፍኤ ካፕን ባነሣ በቀናት ውስጥ፣ የሦስት ወር እሥራት ፈረዱበት።

ማክስቴይ ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም ነበር። ፈርጉሰንን የጎዳው የቀድሞ ታሪኩ ነው፤ ከሜዳ ውጪ በድብደባ ሦስት ጊዜ ተፈርዶበታል፣ ቴስታውን ሲመታም አመክሮ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ደጋፊ በካራቴ የረገጠው ካንቶና የሁለት ሳምንት እሥራቱ በይግባኝ ወደ 120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተቀይሮለታል። የፈርጉሰን ይግባኝ ግን ኦክቶበር ላይ ውድቅ ሆነና በቀጥታ ባርሊኒ እሥር ቤት ገባ። 44 ቀን ታስሮ ሲወጣ በተጠባባቂዎች ጨዋታ ሊያየው ጉዲሰን ፓርክ የተገኘው ሕዝብ ከ10 ሺህ በላይ ነበር። ማክስቴይን ግን ዛሬ ከዚያች ቴስታ ውጪ የሚያስታውሰው ብዙ አይደለም።