ቋንቋውን ተማሪዎቹ ሠሩት

ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው መንገዱን የሚለየው በጆሮው ነው። ከአያት የተነሣው ቀላል ባቡር እዚህ ሲያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የረዳቶች ጩኸት ነው፤ “ቤቴል! ቀራንዮ! አየር ጤና!” በዚህ ግርግር መሐል በእጃቸው የሚያወሩ ወጣቶችን ማየት ለአካባቢው ሰው ብርቅ አይደለም። አልፋ የሚባለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የቆመው በዚሁ በቀራንዮ በኩል ነውና።

ስለ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አጀማመር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመሥራቾቹ ስም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ግን ከመሥራቾቹ ሥራ አያንስም ባይ ነኝ።

በቀደመው ሥርዓት ዓይነ ስውር ሰው የሚማርበት መንገድ ነበረው። የአብነት ትምህርት በቃል ስለሚወርድ ዜማውንም ቅኔውንም በጆሮው አጥንቶ መሪጌታ ይሆናል፤ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን በሩ ዝግ ነበር። ከመምህሩ አፍ የሚወጣውን ካልሰማ በቃል ሊያጠና ከየት ይጀምራል? ብዙው ልጅ በማጅራት ገትር፣ በኩፍኝ ወይም በጆሮ ሕመም ሳቢያ መስማት ያቆመ ነው። ወላጆቹ ጠበል ያመላልሱታል፤ ሳይሻለው ሲቀር ከብት ጥበቃ ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ይሆናል ዕጣው። ከእናቱ ጋር የሚግባባበት ጥቂት የእጅ ምልክት ይኖረዋል፤ ያ ምልክት ግን ከግቢው በር አይወጣም።

መደበኛ ትምህርት የመጣው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ፣ የስዊድን ሚስዮናውያን ከረን ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አዲስ አበባ ተራው የደረሳት በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ካርል ቶምፕሰንና ቦብ ጎዌን የተባሉ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አሜሪካውያን ሚስዮናውያን መካኒሳ አካባቢ ሥራውን ጀመሩ። አልፋ የተከተለው ብዙም ሳይቆይ ነው።

የውጭ ሚስዮን መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር የተነሣበት ምክንያት በጎ አሳብ ብቻ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ የውጭ ሰባክያንን ሥራ በፈቃድና በክልል ከፋፍሎ ወስኖት ነበር። በዚያ ዘመን ወደ አገር ለመግባት የሚፈልግ ሚስዮን ትምህርት ወይም ሕክምና ይዞ ቢመጣ በሩ ይሰፋለታል። መስማት የተሳናቸውን ማስተማር ደግሞ መንግሥት ራሱ ያልደረሰበት የሥራ መስክ ነበር። ያው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንም ያዝዛል። እንግዲህ አስቡት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ መምህር፣ ምንም ቋንቋ በቅጡ ያልያዘ ልጅ፣ መድረሻው ደግሞ የአማርኛ ፊደል።

ነገሩን ያባባሰው በወቅቱ የነበረው የትምህርት ፈሊጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣና ልጁ ከንፈር እያነበበ እንዲናገር ወስነው ነበር፤ ከ164ቱ ጉባኤተኞች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። የዚያ ውሳኔ ጫና ሰማንያ ዓመት ቆይቷል። አማርኛን በከንፈር ለማንበብ የሞከረ ሰው ግን መከራውን ያውቀዋል። መስተዋት ፊት ቆማችሁ “ማር” እና “ባር” በሉ፤ ከንፈር አይለያቸውም። “ገባ” እና “ቀባ” የሚለያዩት ጉሮሮ ውስጥ ነው። ልጁ ቢፈዝ ወይም ቢገምት ይፈረድበታል?

መፍትሔው የመጣው በአብዛኛው ከልጆቹ ነው። አሜሪካውያኑ የአገራቸውን ምልክት ይዘው መጡ። ያ ምልክት ራሱ ሎረን ክለርክ የተባለ መስማት የተሳነው መምህር ከፓሪስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1817 ሃርትፎርድ በተከፈተው ትምህርት ቤት ያስተማረው ነው። በስካንዲኔቪያ ሚስዮኖች በኩል ደግሞ የሰሜን አውሮፓ ምልክት ገባ። ልጆቹም ከየቤታቸው ያመጡት ምልክት ነበር፤ የእንጀራው፣ የቡናው፣ የሰላምታው። በክፍልና በጨዋታ ሜዳ አንዱ ከሌላው እየወሰደ፣ የማይመቸውን እየጣለ፣ ታላቁ ለታናሹ እያወረሰ ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የምንለው ነገር ተፈጠረ። ይህን ያደረገው ሥርዓተ ትምህርት ሳይሆን የልጆች ወሬ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ለብቻው ይደንቃል። የአሜሪካው የጣት ፊደል ሃያ ስድስት ምልክት ነው፤ ለእኛ ገበታ አይበቃም። የተገኘው ዘዴ የፊደሉን አሠራር የተከተለ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ አንድ የእጅ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ቤቶች የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ እጁ ሲንቀሳቀስ “በ” “ቡ” ይሆናል፣ “ቢ” ይሆናል።

በ1960ዎቹ መግቢያ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። የአዲስ አበባዎቹ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላም ነበር። ተረጂ ይባሉ የነበሩት ወገኖች ለራሳቸው ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ። በ1970ዎቹ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሆሳዕና ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተች። የመንግሥት እጅ ግን ዘግይቷል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008። ከመካኒሳ እስከዚያ ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ።

ዛሬም ችግሩ ያለው ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ነው። ልጁ በምልክት ቋንቋ ተምሮ አስተርጓሚ ወደሌለበት ክፍል ይገባል፤ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስረዳል፤ ልጁ የጓደኛውን ደብተር ይገለብጣል።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አሁን በሰባዎቹ ዕድሜ አካባቢ ያሉ አዛውንት ናቸው። ትዝታቸው በድምፅ መቅረጫ አይያዝም፣ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥም ብዙው ይቀራል። የሚያስፈልገው ካሜራ ነው፤ ከካሜራው ጀርባም ምልክት ቋንቋውን አፍ መፍቻው ያደረገ ጠያቂ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው መመረቅ ከጀመረ ዓመታት ሆነው።