ዝምድና ያላቸው መዝገቦች በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚቀመጡ

የሰው ልጅ ጽሕፈትን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን በመዝገብ ሲጽፍ ኖሯል። መዝገብ ሰው የዘነጋውን ያስታውሳል፤ የተካሰሱትንም ያስታርቃል። ዛሬ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለሆነ፣ ኮምፒዩተር መዝገብን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ጃንጎ በተባለው መሣሪያ አማካይነት እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ መዝገቦች እንዴት እንደሚፈጠሩና እንደሚቀመጡ፣ ይልቁንም ቅደም ተከተላቸው ለምን መጠበቅ እንዳለበት ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ዝምድና ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ቢጽፍ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስም ከእያንዳንዱ ሥራው ጎን እየተደጋገመ ይጻፋል። አንዱ ጸሐፊ «ሐዲስ ዓለማየሁ»፣ ሁለተኛው «ሀዲስ አለማየሁ»፣ ሦስተኛው «ሃዲስ ዓለማየሁ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ለሚያነብ ሰው ድምፁ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ኮምፒዩተር ግን እነዚህን ፊደላት የተለያዩ አድርጎ ስለሚይዛቸው አንዱን ደራሲ ሦስት ሰው ያደርገዋል። ከዚህ የተነሣ የደራሲውን መጻሕፍት ፈልጎ የመጣ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን ብቻ አግኝቶ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የደራሲው ስም በደራስያን ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። በመጻሕፍት ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ይጻፋል። ደራሲው ቁጥር 7 ቢሆን፣ መጽሐፎቹ ሁሉ 7ን ያመለክታሉ፤ ስሙ መታረም ቢያስፈልገውም በአንድ ቦታ ሲታረም በሁሉም ታረመ ማለት ነው። ይህን መረጃን በተዛማጅ ሠንጠረዦች የመያዝ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ለዓለም ያስተዋወቀው፣ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው።

ጃንጎ ደግሞ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ፣ ድረ ገጾችን ለመሥራት የሚያገለግል ማዕቀፍ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ አገር፣ በካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የጀመሩትም አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበት ተለቀቀ፤ ስሙም ጃንጎ ራይንሃርት ከተባለው ዝነኛ የጊታር ተጫዋች የተወሰደ ነው።

በጃንጎ ውስጥ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ «ሞዴል» በሚባል ንድፍ ይገለጻል። «ደራሲ» አንድ ሞዴል፣ «መጽሐፍ» ሌላ ሞዴል ነው። በሞዴሉ መሠረት የሚፈጠረው እያንዳንዱ ነገር «ኦብጀክት» ይባላል፤ በተቀመጠ ጊዜም በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ ይሆናል። መጽሐፉን ከደራሲው ጋር የሚያስተሳስረው ዓምድ «ፎሪን ኪ» ይባላል፤ ይኸውም የሌላውን ሠንጠረዥ መለያ ቁጥር የሚይዝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በደንብ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መፍጠርና ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ደራሲ በፓይተን ሲፈጠር በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ብቻ ይኖራል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ እንዳልነበረ ይሆናል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚሰፍረው «ሴቭ» የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። መለያ ቁጥሩንም እንደ ተለመደው አሠራር የሚሰጠው ቋቱ ስለሆነ፣ ያልተቀመጠ ደራሲ ቁጥር የለውም። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ለመፈጸም የፈለገ «ክሬት» በሚለው ትእዛዝ ይጠቀማል፤ እርሱ ፈጥሮ ወዲያው ያስቀምጣል።

ከዚህ የምንረዳው ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አለመሆኑን ነው። መጽሐፉ ደራሲውን የሚያመለክተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚገኘው ደራሲው ሲቀመጥ ነው፤ እንግዲህ ደራሲው መቅደም አለበት። መጽሐፉን ማስቀመጥ ደራሲውን አብሮ አያስቀምጥም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሥራ በትክክል ይስማማል።

ቅደም ተከተሉ ቢዛነፍ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2015 የ1.8 እትም ከመውጣቱ በፊት፣ ያልተቀመጠ ደራሲ ለመጽሐፍ ከተሰጠ በኋላ ደራሲው ቢቀመጥ እንኳ የመጽሐፉ ዓምድ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ዓምዱ ባዶ መሆን የተፈቀደለት ከሆነ መጽሐፉ ያለ ደራሲ ይቀመጣል፤ አንዳችም የማስጠንቀቂያ ቃል አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ግን ጃንጎ ደራሲው ሳይቀመጥ መጽሐፉን ለማስቀመጥ የሚሞክረውን ሰው፣ መረጃ እንዳይጠፋ ሲል ከልክሎ ስሕተቱን ይነግረዋል። ዝም ብሎ ከሚያጠፋ መሣሪያ ጮኾ የሚከለክል መሣሪያ እንደሚሻል ማንም ይረዳዋል።

አንድን መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በኅብረት የጻፉት እንደሆነስ? አንዱ ደራሲም ብዙ መጻሕፍት ሊኖሩት ስለሚችል ዝምድናው የብዙ ለብዙ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጃንጎ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያቆማል፤ በእርሱም በእያንዳንዱ ረድፍ የአንድ መጽሐፍና የአንድ ደራሲ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ስለዚህ አስቀድመው ሁለቱም ወገኖች መቀመጥ አለባቸው፤ ከዚያ «አድ» በተባለው ትእዛዝ ይገናኛሉ። ግንኙነቱ ወዲያውኑ ስለሚጻፍ እንደገና «ሴቭ» ማለት አያስፈልግም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅደም ተከተል ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተል ብቻውን አይበቃም። አንድ ተማሪ የተዋሰውን መጽሐፍ ሲመልስ ሁለት ነገሮች መጻፍ አለባቸው እንበል፤ አንደኛው በመደርደሪያው ላይ ያሉት ቅጂዎች ቁጥር በ1 መጨመሩ፣ ሁለተኛው ተማሪው መመለሱ ነው። ጃንጎ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን «ሴቭ» ለብቻው ወዲያው ያጸናዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ተማሪው እንዳልመለሰ ይቈጠራል። በዓመቱ መጨረሻ መልቀቂያ ሊወስድ ሲመጣ «መጽሐፉን መልስ፣ ወይም ዋጋውን ክፈል» ይባላል። ልጁ እውነቱን ቢናገር መዝገቡ ይመሰክርበታል፤ ወላጁም የማይገባ ዕዳ ይከፍላል።

ይህን ለመከላከል ጃንጎ «አቶሚክ» የሚባል አጥር አለው፤ ቃሉ የማይከፋፈል ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በዚህ አጥር ውስጥ የገቡ ትእዛዞች እንደ አንድ ሥራ ይቈጠራሉ፤ ወይ ሁሉም ይጸናሉ፣ ወይ አንዱም አይጸናም። በመካከል እንቅፋት ቢያጋጥም የመጀመሪያው ጽሑፍ ይሻራል፤ ቋቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ነበረበት ይመለሳል። የቤተ መጻሕፍቱም ሠራተኛ፣ ሥራው እንዳልተፈጸመ ስለሚያይ፣ እንደገና ይመዘግባል። በግማሽ ከተጻፈ መዝገብ ይልቅ ጨርሶ ያልተጻፈው ይሻላል፤ ያልተጻፈው ጉድለቱን በግልጽ ያሳያል፤ በግማሽ የተጻፈው ግን እውነት መስሎ ያሳስታል።

በአጭሩ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል። የሚመለከተው ሳይቀመጥ የሚያመለክተውን ማስቀመጥ አይገባም፤ መፍጠር ማስቀመጥ አይደለም፤ አብረው እውነት መሆን ያለባቸው ጽሑፎች አብረው መጽናት አለባቸው። እነዚህ ሕጎች የኮምፒዩተር ይምሰሉ እንጂ የሚጠብቁት ሰውን ነው። በየሠንጠረዡ ረድፍ በስተጀርባ የአንድ ተማሪ ስም፣ የአንድ ደራሲ ድካም፣ የአንድ ወላጅ ገንዘብ አለ። ወደፊት በዚህ ሙያ ለመሰማራት የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ትእዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት የማን መዝገብ እንደሆነ አስቡ፤ ያን ጊዜ ሥራችሁ ትክክል ብቻ ሳይሆን የታመነም ይሆናል።