አካል ጉዳተኞችና የከፍተኛ ትምህርት

አንድ ተማሪ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የሚረግጠው ለብዙ ዓመታት ከደከመ በኋላ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ግን ደጃፉን ካለፈ በኋላም ሌላ ድካም ይጠብቀዋል። ብዙ ሰዎች የዚህ ድካም መንሥኤ ጉዳቱ ራሱ ይመስላቸዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን መሰናክሉ በአብዛኛው የሚገኘው በመጽሐፉ፣ በሕንፃውና በፈተናው አሰጣጥ ላይ ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፉን እንመልከት። ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡት ጽሕፈት ብሬል ይባላል። ይህንን በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1829 ያሳተመው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ሲሆን፣ እርሱም ዓይነ ስውር ነበር። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈው «ሙ» ሁለት ቦታ ይይዛል። ወረቀቱም ወፍራም ነው። ስለዚህ አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ችግሩን አቃለውታል፤ ሆኖም መጽሐፉ በወረቀት ብቻ የሚገኝ ከሆነ ተማሪው የሚያነብለት ሰው መፈለግ ግድ ይሆንበታል። አንባቢው ከቀረ ጥናቱ ይቀራል፤ የፈተናው ቀን ግን አይቀርም።

የሌሎቹም ችግር ከዚህ የራቀ አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ ፎቅ ላይ ያለ ቤተ መጻሕፍት እንደተዘጋ ይቆጠራል። መስማት የተሳናት ተማሪም በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉምላት ሰው ከሌለ በክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ከትምህርቱ ውጭ ትሆናለች።

መሰናክሉ ሲነሣ ምን ሊገኝ እንደሚችል የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ሕይወት ያስረዳል። ወይዘሮ የትነበርሽ በወሎ ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ማየት ቢችሉ ኖሮ ያለ ዕድሜያቸው ይዳሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው ተመረቁ። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሟገታቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች እንደ ሁኔታው የፈተና ሰዓት እንዲራዘም ደንግጎ ነበር። ይህ ችሮታ አይደለም። በጣት ዳስሶ ማንበብ በዓይን ከማንበብ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥያቄውና እርማቱ ግን ያው አንድ ነው።

ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን መጽሐፍ አያነብም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድን መጽሐፍ በሙሉ ለጓደኛ ማንበብ ለአንድ ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ የክፍል ጓደኞች ምዕራፉን ቢከፋፈሉት ግን ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ ይደርሳቸዋል። አንባቢውም እያነበበ ይማራል።