መጥሪያው የት ደረሰ?

በሌለበት የተፈረደበት ደንበኛ ቢሮዬ ሲገባ ገና ሳይቀመጥ ስለ ዕዳው ይጀምራል። ብሩን ከፍሎ መጨረሱን፣ ከሳሹ የሥጋ ዘመዱ መሆኑን፣ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእሱ አለመሆኑን ይዘረዝራል። «እሱን በኋላ እንደርስበታለን፤ አሁን መጥሪያው የት እንደደረሰ ይንገሩኝ» ስለው ቅር ይለዋል። እውነቱን ልሰማ ያልፈለግኩ ይመስለዋል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 78 የሚፈቅድለት ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ እንዲያነሳለት መጠየቅን ነው። ይግባኝ አይደለም። ማስረዳት ያለበትም ከሁለት አንዱን ነው፤ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው፣ ወይም ደርሶት በበቂ ምክንያት ሳይቀርብ እንደቀረ። ዕዳው ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ገና ተራው አልደረሰም። አምስት ገጽ ሙሉ ስለ ውሉ ተጽፎ ስለ መጥሪያው አንድ መስመር ብቻ ያለበት አቤቱታ ያጋጥመኛል፤ ዳኛው የሚፈልጉት ግን ያችን አንድ መስመር ነው።

ጊዜውም አጭር ነው፤ ውሳኔውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር። ብዙው ሰው የሚያውቀው ባንክ ሄዶ ሂሳብህ ታግዷል ሲባል ወይም የአፈጻጸም መጥሪያ ሲደርሰው ነው። ተከራካሪው ወገን ደግሞ ከዚያ በፊት ያውቅ ነበር ለማለት የማይቆፍረው ጉድጓድ የለም። ስለዚህ ከምንም በፊት መዝገቡን አስቀርቤ አያለሁ፣ ግልባጭም እወስዳለሁ።

መዝገቡ ውስጥ የምፈልገው መጥሪያው ደረሰ የተባለበትን ወረቀት ነው። ማን ተቀበለ? «ለቤተሰቡ ተሰጠ» ከተባለ የትኛው ቤተሰብ፣ ዕድሜው ስንት፣ አብሮት ይኖራል ወይ? «አልቀበልም አለ» ከተባለ ምስክሮቹ እነማን ናቸው፣ የከሳሹ ጎረቤቶች ይሆኑ? በአሠራራችን ብዙ ጊዜ መጥሪያውን ከሬጅስትራር ወስዶ የሚያደርሰው ከሳሹ ራሱ ነው። ተቃራኒው ባይመጣ የሚጠቀም ሰው ተቃራኒውን እንዲጠራ አደራ ይሰጠዋል ማለት ነው። ወጪ ይቀንሳል፣ ቀጠሮም ያፋጥናል ይባላል፤ እኔ ግን በሌሉበት ለሚሰጡ ፍርዶች መብዛት ከተከሳሾች ቸልተኝነት ይልቅ ይህን አሠራር እወቅሳለሁ።

የጋዜጣ ጥሪው ይብሳል። በቁጥር 105 የተፈቀደው ምትክ መጥሪያ ተከሳሹ በሌላ መንገድ ሊገኝ ሳይችል ሲቀር የሚመጣ ነው። ነገር ግን ከሳሹ «አድራሻውን አላውቅም» ብሎ ቃለ መሐላ ሲያቀርብ ያለ ብዙ ማጣራት አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል። ተከሳሿ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ልትሆን ትችላለች፤ የውርስ ቤት ክርክር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በኢሞ በየሳምንቱ የሚያወራትን እህት አድራሻዋን አላውቅም ብሎ መማል ይከብዳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይከብድም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ሁለቱ የተለዋወጡትን መልእክት ነው፤ ከማንኛውም የሕግ ሐተታ ይበልጥ ይሠራል። እሷ መምጣት ካልቻለች በኤምባሲ በኩል ውክልና ትልካለች፤ ይህም ቀን ይወስዳል፣ ወሩ ግን እየቆጠረ ነው።

መጥሪያው ደርሶት የቀረ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ወይም ታስሮ ከነበረ ማስረጃውን እናያይዛለን። «ቀጠሮው ተምታታብኝ» ለሚለኝ ግን ተስፋ አልሰጥም።

አቤቱታው ሲገባ አፈጻጸሙ በራሱ አይቆምም፤ እግዱን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላውም ወገን መጥሪያ ደርሶት ሳይሰማ ውሳኔው አይነሳም። ሲነሳም ፍርድ ቤቱ ኪሳራ እንዲከፈል ወይም ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ሊያዝዝ ይችላል፤ ደንበኛዬ አሸነፍኩ ብሎ ሲደሰት ይህ ይከነክነዋል።

ለከሳሽ ስቆም የተከሳሹን ስልክና ትክክለኛ አድራሻ ክሱ ላይ እንድንጽፍ እጠይቃለሁ። «እንዲመጣማ ለምን እንረዳዋለን?» ይሉኛል። በአቋራጭ የተገኘ ፍርድ ከዓመት በኋላ አፈጻጸም ላይ ሊፈርስ እንደሚችል እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስማማል፤ አንዳንዱ ሌላ ጠበቃ ይፈልጋል።