ከጉሮሮ ተነስቶ ልብ የሚደርስ ሕመም

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር ስለምናየው የልጆች የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ «ቶንሲል» ስለምንለው፣ ችላ ሲባልም ስለሚያስከትለው ጉዳት እንነጋገራለን። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዓመታት በፊት ቁርኣን ከምናስቀራቸው ልጆች መካከል አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። በቡና ለቀማ ወቅት ጉሮሮዋን ታመመች፣ ትኩሳትም ያዛት፤ በሳምንቱ ተሻላት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷን፣ እሱ ሲተዋት ደግሞ ክርኗን አመማት። አባቷ ሊያማክረን ሲመጣ እኛ ያልነው «ቅርጫት ተሸክማ ስለዋለች ነው፤ በቅቤ እሹዋት፣ ይተዋታል» የሚል ነበር። በእርግጥም ተዋት። በዓመቱ ግን ልጅቱ ወደ መስጂዱ የሚያወጣውን አጭር ዳገት ሳታርፍ መውጣት አቃታት። ሐኪም ቤት ስትመረመር የልቧ በር ተጎድቶ ተገኘ። ያኔ የሰጠነው ምክር ዛሬም ድረስ ይቆጨናል።

ጉሮሮና ልብን ምን አገናኛቸው?

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው ከጉንፋን ጋር የሚመጣና በቫይረስ የሚከሰት ነው፤ ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን አብሮት ይታያል፤ በራሱም ጊዜ ይድናል። ሌላው ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይከሰታል። ይኸኛው ብዙውን ጊዜ ድንገት ይጀምራል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን ለመዋጥ ይቸገራል፣ ከመንጋጋው ሥር ያለው እጢ ያብጣል፣ ቶንሲሉ ላይም ነጭ መግል ሊታይ ይችላል፤ ሳል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይኖረውም። ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

ባክቴሪያው በሳልና በምራቅ ፍንጣቂ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ሲያድር በቀላሉ ይዛመታል። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የምንኖር ሰዎች በለቀማ ወቅት ቤቶቻችንና የሠራተኛ ማደሪያዎች እንዴት እንደሚጣበቡ እናውቃለን።

ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመከላከል ይነሳል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ግን የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ይሳነውና የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ይህም የሚሆነው ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ሕመሙ ሩማቲክ ፊቨር ይባላል፤ በይበልጥ የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ቆይቶ ይጠፋል። በልብ በሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ይብሳል። በሮቹ ሲጠቡ ወይም ሳይገጥሙ ሲቀሩ ደም በአግባቡ አይተላለፍም። በዓለም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ የልብ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ ድሃ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

መድኃኒቱ ቅርብ ነው

አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ሁሉ ከመነሻው የሚያቆም መድኃኒት አለ። እሱም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ያገኘው ፔኒሲሊን ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን መቋቋም ለምደዋል፤ ይህ የጉሮሮ ባክቴሪያ ግን እስከ ዛሬ አልተቋቋመውም። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። አሰጣጡም ቤንዛቲን የሚባለው የፔኒሲሊን መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወይም እንደ አሞክሳሲሊን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለ10 ቀናት ነው።

ስህተታችን እዚህ ላይ ይጀምራል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው መድኃኒቱን እናቋርጣለን፤ የተረፈውን ለወንድሙ ጉንፋን እናስቀምጣለን። ለጉንፋን አይሠራም፤ የታመመውም ልጅ ሙሉ ሕክምናውን አላገኘም። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲል ማስቧጠጥ ሕመሙን አይከላከልም፤ ይልቁንም ደም ያፈሳል፣ ሌላ ቁስልም ያመጣል። ማርና ጥቁር አዝሙድ በሃይማኖታችን የተወደሱ ናቸው፤ ለልጁ መስጠታችሁን አንቃወምም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋልና ማሩን አቅምሳችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጁ ከዚህ ቀደም መድኃኒት ተቆጥቶት ከሆነም ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት።

የወር መርፌና የረመዳን ጾም

ሩማቲክ ፊቨር አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ሕመሙ እንዳይመላለስበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን መርፌ ይወስዳል፤ ይህም ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል። ልቡ በጣም ለተጎዳ ሰው በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ያቺ ልጅም መርፌውን ጀምራ ነበር። ረመዳን ሲገባ ግን እናቷ «ጾሟ ይፈርሳል» ብላ አስቀረቻት። ከመጨረሻው መርፌ እስከሚቀጥለው ድረስ ሁለት ወር አለፈ፤ መገጣጠሚያዋም እንደገና አበጠ። እናቲቱ ይህን ያደረገችው ለዲን በመቆርቆር ነው፤ ልንወቅሳት አይገባም። ጥፋቱ ቀድመን ያላስረዳነው የእኛ ነው።

ስለዚህ በግልጽ እንናገራለን። መቀመጫውን ጂዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባደረገው ጉባኤ ለሕክምና የሚሰጥና ምግብነት የሌለው መርፌ በጡንቻም ሆነ በደም ሥር ቢሰጥ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። መርፌያችሁን በቀኑ ውሰዱ። የሚዋጥ መድኃኒት ላይ ያለ በሽተኛም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ የማይቻል ከሆነ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ፈቃድ ሰጥቶታልና አፍጥሮ ሲድን ቀዷውን ያወጣል።

ሌላው በሴቶች ልጆቻችን ላይ የሚደርሰው ነው። ትዳር እንዳይቀርባት በመፍራት ሕመሟን የምንደብቅ ቤተሰቦች አለን። ሴት በምታረግዝበት ጊዜ ልቧ ከወትሮው የበለጠ ይሠራል፤ በሩ የተጎዳ ልብ ይህን ላይችል ይችላል። ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት እውነቱ ይነገር፤ ከማርገዟም በፊት ሐኪም ታማክር።

የልብ በር ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ሩቅ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕጻናት የልብ መርጃ ማኅበርን አቋቁመው፣ ሕጻናቱ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ሲላኩ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ብዙ ልጆች ድነውበታል። ተራ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው፤ ከሚዛን አዲስ አበባም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጤና ጣቢያው ግን እዚሁ ነው። የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን በሽታ ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የተዘጋጀውን የአዲስ አበባ ሰነድ ሲያጸድቁ የፔኒሲሊን አቅርቦት ከቁልፍ ጉዳዮቹ አንዱ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ ጉሮሮውን ታሞ ያተኮሰውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። የታዘዘለትን መድኃኒት አስጨርሱት። መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ የሚያመውን ልጅ፣ እኛ እንዳደረግነው፣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። የመርፌውን ቀን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ያቺ ልጅ ዛሬ አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ዳገቱን ቀስ ብላ ትወጣለች። ባለፈው ረመዳንም ዙህር ሰግዳ ከእናቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መርፌዋን ተወግታ ተመለሰች፤ መግሪብ ላይም ከእኛ ጋር አፈጠረች። አላህ ለእሷም ለታመሙ ልጆቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው። አሚን።