ቤተሰብን የሚያውቅ ሐኪም ወይስ ሁሉን የሚቀበል ጤና ጣቢያ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሐይቅ ይደርሳል። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ካለው ሐይቅ ሲሆን፣ በሐይቁ ዳር ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በስተሰሜን ደግሞ ተራራማው የአምባሰል አገር ይገኛል። በገበያ ቀን ከደጋውም ከቆላውም ወደ ከተማ የሚጎርፈው ሕዝብ የሚመጣው እህል ለመሸጥና ጨው ለመግዛት ብቻ አይደለም። ከጭነቱ ጋር ሕመሙንም ይዞ ይመጣል። ለብዙው ገበሬ የገበያ ቀን የሐኪም ቤትም ቀን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከዚህ ሕዝብ መካከል አንዲት እናት እንውሰድ። እሳቸውን የመሰሉ ብዙ ናቸውና ስም መጥራት አያስፈልግም። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ በየወሩ መድኃኒት ለመቀበል ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚመጡ ናቸው እንበል። ካርድ ክፍል ተሰልፈው ተራ ይይዛሉ። ባለፈው ወር ያየቻቸው ነርስ ዛሬ ተረኛ አይደለችም። ከዚያ በፊት ያያቸው ጤና መኮንን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። የዛሬው ባለሙያ «ምን ሆነው መጡ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ታሪኩን እንደገና ከሥሩ ይጀምራሉ። ሲለካ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ይገኛል። መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ ይጨመራል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ያልሠራው ስላልተዋጠ ነው። ወቅቱ ጾም በመሆኑ እኒህ እናት ኪኒኑን ለሳምንታት አልነኩትም። ይህንን አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ጾሙ ተፈቶ የተጨመረውን መጠን በሙሉ መዋጥ ሲጀምሩ ግፊታቸው ከሚገባው በታች ይወርድና አንድ ቀን ማለዳ ከደጃፋቸው ተዝለፍልፈው ይወድቃሉ። ባለሙያው አልሰነፈም፤ መለኪያውም አልዋሸም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኒህን እናት የሚያውቅ ሰው።

እንግዲህ መሠረታዊው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ሕዝቡን የሚጠቅመው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ታሪክ የሚያውቅና ዘወትር የሚከታተል አንድ ሐኪም ነው ወይስ ብዙ ባለሙያዎችና ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ግቢ የተሰባሰቡበት የጋራ ተቋም? በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ማዋለጃ ክፍልና ያለ መድኃኒት ቤት ሐኪሙ ባዶ እጁን ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው በቁጥር የሚጠራበት ሕክምና በሽታን እንጂ በሽተኛን አያክምም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው አንዱ ከፊል እውነት ሙሉ እውነት ነኝ ሲል ነው።

ነገሩን በትክክል ለመረዳት ታሪካዊ አመጣጡን መመልከት ያሻል። በአገራችን ቋሚ የግል ሐኪም ማግኘት በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ዕድል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከጓድሎፕ የመጣ ዶክተር ቪታልየን የሚባል ሐኪም ነበራቸው። የአምባሰል ገበሬ ግን የነበረው ወጌሻ፣ የልምድ አዋላጅ፣ መድኃኒት አዋቂና ጠበል ብቻ ነበር። በኋላም በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ሲከፈቱ ሕዝቡ «ሐኪም» ብሎ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ድሬሰሩን ነበር። የድሬሰሩ ዕውቀት ውሱን ነበር፤ ሆኖም ብዙ ዓመት በአንድ ቦታ የተቀመጠ ድሬሰር የማን ልጅ በምን እንደታመመ ያውቅ ነበር።

በ1947 ዓ.ም የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ይህንን ሁኔታ ለመለወጥ ሰፊ እርምጃ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር የመላክ ዓላማ ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን የመንግሥታት ሁሉ ግዴታ አድርጎ ባወጀበት ዘመንም በኢትዮጵያ የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች በየገበሬ ማኅበሩ ይሠለጥኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በስፋቱ የሚልቀው በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የ16 ፓኬጆችን ትምህርትና አገልግሎት እንዲሰጡ ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጤና ኬላው መዝገቡ የሚከፈተው በቤተሰብ ነው። የቤተሰብ ማኅደር የሚባለው አቃፊ የአባወራውንም፣ የእማወራዋንም፣ የልጆቹንም ጉዳይ፣ ክትባቱንም፣ እርግዝናውንም፣ መጸዳጃ ቤቱንም ሳይቀር በአንድነት ይይዛል። እንግዲህ የአገራችን ገጠር የቤተሰብ ሐኪም ኖሮት አያውቅም ቢባልም ለዚያ እጅግ የቀረበው ነገር ሐኪም ሳይሆን ይህች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

የተሁለደሬ ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመም ደግሞ በየጊዜው ገንዘብ ሳይጠየቅ ይታከማል። በሬ ሸጦ መታከም ወይም በሬውን አስቀርቶ ሕመሙን መቻል የሚባለው አስከፊ ምርጫ በዚህ መንገድ እንዲቀር ነው የታሰበው። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም መድኅኑ ራሱ አንድ ቅራኔ ገሃድ አውጥቷል። መዋጮው የሚሰበሰበው በቤተሰብ ነው፤ የአባልነት ደብተሩም የቤተሰብ ነው። ሕክምናው ላይ ሲደረስ ግን ቤተሰቡ ተበትኖ የተለያየ የካርድ ቁጥር ይሆናል። እናቲቱን ያየ ባለሙያ የልጅቷን እርግዝና አያውቅም፤ ልጅቷን ያየችው አዋላጅ ነርስ እናቲቱ የደም ግፊት እንዳለባቸው አልሰማችም። ክፍያን በቤተሰብ ያደራጀ ሥርዓት ክትትልንም በቤተሰብ ሊያደራጅ ያልቻለበት ምክንያት ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የሌሎች አገሮች ልምድ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ኩባ በመጀመሪያ የገነባችው ብዙ ባለሙያዎች በአንድነት የሚሠሩባቸውን ፖሊክሊኒኮች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ 120 ያህል ቤተሰቦችን ይዘው በሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል እየኖሩ የሚሠሩበትን ሥርዓት ጀመረች። ፖሊክሊኒኮቹ አልተዘጉም፤ ላቦራቶሪያቸውና ልዩ ሐኪሞቻቸው ለሠፈሩ ሐኪም ደጀን ሆኑ። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሰው ሁሉ በአንድ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ይመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለለንደን ከተማ ሰፋፊ ፖሊክሊኒኮች ይቋቋሙ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ክርክር ያስነሣውም ይህ የቆየ ትውውቅ ይበጠሳል የሚል ሥጋት ስለነበረ ነው።

ትውውቁ የስሜት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለም ቁጥሩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ግምገማ ካካተታቸው 22 ጥናቶች መካከል በ18ቱ አንድን ሐኪም ዘወትር ማየት ከሞት መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በኖርዌይ አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችን የሸፈነ ጥናት ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ በአንድ ሐኪም ዘንድ የቆዩት፣ አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ምክንያትና ውጤትን ለይቶ ሙሉ በሙሉ ባያረጋግጥም አቅጣጫው አንድ ነው።

ይህ ሲባል ግን የሌላውን አገር ቅርጽ ገልብጦ ሐይቅ ላይ መትከል ይቻላል ማለት አይደለም። በደረጃው መሠረት የገጠር ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር እስከ 25,000 ሕዝብ ያገለግላል። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢታሰብ ይህ 5,000 ቤተሰብ ነው። ለአምስት ባለሙያዎች ቢከፋፈል ለአንዱ 1,000 ቤተሰብ ይደርሰዋል፤ ከኩባው ሐኪም ድርሻ ስምንት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በቤተሰብ ሕክምና ልዩ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም ነው። ከዚያ የሚወጡትን በየወረዳው መጠበቅ ረጅም ዘመን መጠበቅ ይሆናል።

ሌላም መታለፍ የሌለበት ነጥብ አለ። መታወቅ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሰዎች የሠፈራቸውን ጤና ጣቢያ ትተው ራቅ ወዳለ ከተማ የሚሄዱት ላለመታወቅ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ የባለሙያ አፍ ከተከፈተ የሰው ኑሮ ይፈርሳል። አንድ ሐኪም ብቻ ያለው ቤተሰብም ያ ሐኪም ሲሳሳት የሚያርመው አያገኝም። ስለሆነም የሚያውቅ ባለሙያ ምስጢር ጠባቂ ባለሙያ መሆን አለበት፤ ታካሚውም ባለሙያ የመለወጥ መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ታዲያ መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይደለም። ትልቁ ተቋም ባለበት ይቆይ፤ በውስጡ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በስም የሚያውቀው ባለሙያ ይኑረው። ይህንንም ከሁሉ በፊት ዘወትር ክትትል ለሚያስፈልጋቸው መጀመር ይቻላል፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለጨቅላ ሕፃናት፣ ለስኳርና ለደም ግፊት ሕሙማን። አምስቱ ቀበሌዎች ለቡድኖች ይከፋፈሉ። የአንዲት እናት ቀጠሮ የሚያውቃት ባለሙያ ተረኛ በሚሆንበት ቀን ይያዝ። ባለሙያው ሲዛወር በሽተኞቹን ለተተኪው በስም ያስረክብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሪፖርት በመሙላት ብቻ ጊዜዋን እንድታጠፋ አይደረግ፤ በቤት ያየችውን ለጤና ጣቢያው ባለሙያ የምታደርስበት፣ እሱም ያዘዘውን ለእሷ የሚነግርበት መንገድ ይበጅ። በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጤና ቡድን በሚል ስም የተሞከረው አሠራር ወደዚህ አቅጣጫ የሚያመራ ነው።

ለወሎ ሰው ይህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። የክርስቲያኑ ቤተሰብ የነፍስ አባት አለው፤ በእስላሙም ቤት ምክር የሚጠየቅ፣ የቤቱን ጉዳይ የሚያውቅ ሼህ አይጠፋም። ማንም ሰው የልቡን ጉዳይ በየወሩ ለማያውቀው ሰው ከሥሩ ጀምሮ አይተርክም። ለነፍሱ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕዝብ ለሥጋውም የሚያውቀው ሰው ቢፈልግ ምን ያስደንቃል?

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ የጤና ተቋሞች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ያ ጊዜ ለሁላችን አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። ሕንፃ ሊታደስ፣ መሣሪያም ሊተካ ይችላል። መዝገብ በጠፋበት ቦታ ግን የበሽተኛው ታሪክ የሚቀረው በሁለት ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው፤ በራሱ በበሽተኛውና በሚያውቀው ባለሙያ። ሁለተኛው ሰው ከሌለ ሸክሙ ሁሉ በበሽተኛው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊና የመድኅኑ አባላት ጉባኤ ስለ መድኃኒት አቅርቦትና ስለ ሕንፃ በሚነጋገሩበት ስብሰባ አንድ ጥያቄ መጨመር ይገባቸዋል፤ በዚህ ወረዳ ዘወትር ክትትል ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል የሚከታተላቸውን ባለሙያ ስም የሚያውቁት ስንቶቹ ናቸው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሥራ አደላደልን ማስተካከልና ኃላፊነትን በስም መስጠት ይበቃል። ያ ከተደረገ ከአምባሰል አቀበት ወርደው ወረፋ የሚጠብቁት እናት በሚቀጥለው ወር ሲመጡ የሚጠብቃቸው ሰው ግፊታቸውን ከመለካቱ በፊት በጾሙ ወራት መድኃኒቱን እንዴት እንደወሰዱ ይጠይቃቸዋል።