አየሁት ማለት አየኝ ማለት አይደለም

(ለድኅረ መሠረተ ትምህርት አንባቢዎች በራዲዮ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብስክሌት ነው። ብስክሌት የሌላችሁም ራዲዮናችሁን አትዝጉ። ነገሩ በእግሩ ለሚሄድም፣ መኪና ለሚነዳም ይጠቅማል።

አንድ ምሽት ከሐሮማያ ወደ ሐረር በሚኒባስ እመጣ ነበር። የተቀመጥኩት ከሾፌሩ ጎን ነው። አወዳይን አልፈናል። ጨልሟል። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ቀና ስንል ከመኪናው አፍንጫ ሥር ብስክሌት የያዘ ሰው ቆሟል። ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ብስክሌቱ መብራት የለውም። ሰውየው ከማዶ መጥቶ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ነው የተገናኘነው።

ሾፌሩ መስኮቱን አውርዶ፣ «ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል? ልትሞት ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ሰውየውም ተቆጣ። «አቦ፣ እኔ እኮ ገና ከሩቅ አይቼሃለሁ! አንተ አታይም?» አለው።

እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን የሰውየው መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሰውየው አልዋሸም። መኪናችንን ከሩቅ አይቷል። ሾፌሩም አልዋሸም። ሰውየውን አላየውም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ?

በጨለማ መንገድ ላይ ያለ ሰው የመኪናውን መብራት ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ሊያይ ይችላል። መብራቱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ፣ «እኔ እንዲህ አጥርቼ ካየሁት እሱም አይቶኛል» ብሎ ያስባል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። መኪናው መብራት አለው። ሰውየው የለውም። እኛ የምናየው መብራቱን ነው። ሾፌሩ ግን ማየት ያለበት ጥቁር ካፖርት የለበሰን ሰው ነው፤ ያውም በጥቁር አስፋልት ላይ፣ በጥቁር ሌሊት።

ፊደል ስትቆጥሩ አስተማሪያችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው በነጭ ጠመኔ ነው። በከሰል ቢጽፍ ኖሮ «ሀ»ን ከ«ለ» ማን ይለይ ነበር? ጥቁር ለብሶ ማታ በአስፋልት ላይ መሄድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በከሰል እንደ መጻፍ ነው።

አሁን ትንሽ ቁጥር እንመልከት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ሰከንድ ማለት «አንድ ሺህ አንድ» ብሎ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነው። ሾፌሩ ነገሩን አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪወስድ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ንቁ ካልሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፍሬን ከያዘ በኋላም መኪናው ወዲያው አይቆምም። በደረቅ አስፋልት ሌላ 20 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ለመቆም በጠቅላላው ወደ 40 ሜትር ይፈልጋል። ጭነት ካለው ወይም መንገዱ እርጥብ ከሆነ ከዚህም የበለጠ ይፈልጋል።

በአጭር መብራት የሚሄድ ሾፌር ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው የሚያየው ከ25 ወይም ከ30 ሜትር ገደማ ነው። ልብሱ ነጭ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ያህል ይሆናል። አንጸባራቂ ያደረገ ሰው ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። ለመቆም 40 ሜትር ያስፈልጋል። የሚታየው ግን ከ30 ሜትር ነው። ሾፌሩ ጎበዝ ቢሆንም አይደርስም።

አንጸባራቂ ምን እንደሆነ የሐረር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ስሙን ባያውቅም ነገሩን አይቶታል። ማታ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅብ ሲበላ አላያችሁም? ፍልፍሉ ጅብ የሚሾልክበትን በግንቡ ውስጥ ያለውን ቀዳዳስ? በዚያ ጨለማ የመኪና መብራት ወይም ባትሪ ቢበራ መጀመሪያ የሚታየው የጅቡ ሰውነት አይደለም። ዓይኑ ነው። እንደ ፍም ይበራል። ዓይኑ ግን በራሱ ብርሃን የለውም። በዓይኑ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የገባውን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሰዋል። በሰው ዓይን ውስጥ ይህ ሽፋን የለም። ስለዚህ በሌሊት መንገድ ላይ ጅቡ ከሰው ቀድሞ ይታያል። አያስገርምም?

የብስክሌት አንጸባራቂም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ቀይ ወይም ነጭ ፕላስቲክ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በውስጡ ጥቃቅን ማዕዘኖች አሉ። እነዚህ ማዕዘኖች የመኪናውን ብርሃን ተቀብለው ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሱታል። ቀዩ ከኋላ፣ ነጩ ከፊት ይታሰራል። በፔዳሉ ላይ የሚደረገው ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። ፔዳሉ ሲዞር አንጸባራቂው ከፍ ዝቅ ይላል። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ቶሎ ዓይን ይስባል። ሾፌሩም «ይህ ግንድ አይደለም፣ ብስክሌት ነው» ብሎ ወዲያው ይለያል። አንጸባራቂው ጭቃ ከነካው ግን አይሠራም። ጠዋት ስትነሡ በጨርቅ ጠረግ አድርጉት።

ይሁንና አንጸባራቂ ብቻውን አይበቃም። የሚመልሰው የመጣለትን ብርሃን ነው። ብርሃን ካልመጣለት ዝም ይላል። መብራቱ የተቃጠለ ባጃጅ ሲመጣ ምን ይመልሳል? ስለዚህ ብስክሌቱ የራሱ መብራት ያስፈልገዋል፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። አንዳንድ ሰው፣ «መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ መብራት ለምኔ?» ይላል። መብራቱ መንገዱን ለማየት ብቻ አይደለም። ሌላው ሰው እንዲያያችሁ ነው። በዲናሞ የሚሠራ መብራት ብስክሌቱ ሲቆም እንደሚጠፋም አትርሱ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ ጨለማ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው።

መብራት መግዛት ላልቻለ ሰውስ? ጋቢና ነጠላ አለን። ነጭ ናቸው፣ በደንብ ይታያሉ። ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጫፉ ተንጠልጥሎ በኋላ ጎማው ራጂ ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ሰውየው ይወድቃል፤ ምናልባትም መኪና ፊት። ሽርጥም ካቴና ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጋቢውን በደረታችሁ ላይ አጣፍታችሁ ከኋላ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሽርጡን ሰብስባችሁ ወገባችሁ ላይ ሸጉጡት።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐረር ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም። በዚህ አገር ምሽቱ ቶሎ ይመጣል። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በሐምሌም ቢሆን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አታልፍም። ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዝታው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። «ሳይጨልም እደርሳለሁ» ያለ ሰው መንገድ ላይ ይጨልምበታል።

ከመጥለቋ በፊት ያለው ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ከሐረር ወደ አወዳይ የሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ወደ ማታ ላይ በዚህ መንገድ የሚነዳ ሾፌር ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣበታለች። ዓይኑን ያጨናብሰዋል። ከፊቱ በብስክሌት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው አይታየውም። ጠዋት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከአወዳይ ወደ ሐረር የሚመጣው ሾፌር የምትወጣውን ፀሐይ ይጋፈጣል። የራሳችሁ ጥላ ረዝሞ ከፊታችሁ ከወደቀ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት። እናንተ ሁሉንም ጥርት አድርጋችሁ ታያላችሁ። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ግን ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ናት። ጥላችሁ ወደ እሱ አቅጣጫ ሲያመለክት ካያችሁ አላየኝም ብላችሁ ተጠንቀቁ። ያ መንገድ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ናት። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የሚጭኑት መኪናዎች ይቸኩላሉ።

አሁን ወደ ጎን እንምጣ። በየትኛው በኩል ነው የምንሄደው? በአገራችን መኪና በግራ ይነዳ የነበረው እስከ 1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ሆኗል። ብስክሌትም ተሽከርካሪ ነው፤ በቀኝ ይሄዳል፣ መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ። ብዙ ሰው ግን፣ «የሚመጣብኝን ላየው» ብሎ በግራ በኩል ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ይነዳል። ይህ ለእግረኛ ትክክል ነው። ለብስክሌት ግን ስሕተት ነው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ብስክሌቱ 15 ይሄዳል። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ መኪናው የሚደርስባችሁ በ35 ነው። ፊት ለፊት ከሆነ ግን ሁለቱ ይደመሩና 65 ይሆናል። ሾፌሩ ከ30 ሜትር ካያችሁ በመጀመሪያው ሦስት ሰከንድ አለው። በሁለተኛው ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

በቀኝ ሂዱ ማለት ግን ከጠርዙ ጋር ተጣበቁ ማለት አይደለም። ጠርዙ የተቆረሰ ነው፣ ጠጠር አለው፣ ፍየልም ይወጣበታል። ከጠርዙ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ገባ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ቀጥ ብሎ የሚሄድን ሰው ሾፌር ያምነዋል። ወዲያ ወዲህ የሚወላገደውን ግን በየት በኩል እንደሚያልፈው አያውቅም። ወደ ግራ ለመታጠፍ ስትፈልጉ መጀመሪያ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ግራ እጃችሁን ዘርጉ። ፍሬቻችሁ እጃችሁ ነው።

ከትልቅ የጭነት መኪና ቀኝ ጎን ግን ራቁ። ሾፌሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከቀኝ በሩ ሥር ያለውን አያይም። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም። ወደ ጠርዙ ይጠጋል። በመካከል ያለውን ይጨፈልቀዋል። ምልክት ልንገራችሁ፦ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁት እሱም አላያችሁም።

በጁገል ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። መኪና በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ ይደርሳል። እዚያ ባጃጁም፣ እግረኛውም፣ ሻጩም አንድ ላይ ነው። የቆሙ መኪናዎች በር በድንገት ይከፈታል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ እለፉ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ጠባብ መንገዶች በሁለቱም በኩል የድንጋይ ግንብ ነው። ማዕዘኑን አዙሮ የሚያይ የለም። እዚያ የሚፈራው ብስክሌተኛው ሳይሆን ውሃ ይዛ የምትመጣው እናት ናት። ደወል ደውሉ፣ ማዕዘን ላይ ውረዱና ግፉ። ወደ ኤረር በር ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ፍሬናችሁን ሞክሩ። በዝናብ ጊዜ ጎማው ይረጥባል። የፍሬኑ ላስቲክ መጀመሪያ ውሃውን እስኪጠርግ ድረስ ቶሎ አይዝም።

ሾፌሮችም ትሰሙናላችሁ። ብስክሌት ስታልፉ አንድ ሜትር ተኩል ቦታ ተዉለት። ቦታ ከሌለ ከኋላው ታገሡ። ጀርባው ላይ ደርሳችሁ ክላክስ አትንፉ፤ የደነገጠ ሰው መሪውን ወደ እናንተ ያጥፋል። ማታ ከፊት ለፊት ብስክሌት ሲመጣ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር መልሱ። እሱም ዓይን አለው። በር ስትከፍቱም በቀኝ እጃችሁ ክፈቱ። ያን ጊዜ ሰውነታችሁ ይዞርና ከኋላ የሚመጣውን ታያላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል ብሏል። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር፣ በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ ናቸው። ቆርቆሮ ያልከለላቸው ማለት ነው።

አሁን ለየቡድናችሁ አንድ ሥራ አለ። ዛሬ ማታ ጨለማ የሆነ ሜዳ ምረጡ፤ መኪና የማይገባበት ይሁን። አንድ ሰው ባትሪ ይያዝ። ሌሎች ሦስት ሰዎች ከፊቱ ይቁሙ። አንዱ ጥቁር ይልበስ። ሁለተኛው ነጭ ጋቢ ይልበስ። ሦስተኛው የብስክሌት አንጸባራቂ በእጁ ይያዝ። ሦስቱም እየቆጠሩ ወደ ኋላ ይራመዱ። ባትሪ የያዘው ሰው እያንዳንዳቸው በስንት እርምጃ እንደጠፉበት በደብተሩ ይጻፍ። ቁጥሮቹን በሚቀጥለው ስብሰባ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን። ደህና ሁኑ።